ከቶማ በላይ፣ ከብሩ በታች

ለልጄ፣

እንዴት ነህ? ሥራህስ፣ ጉልበትህስ? የአዋሳ ሙቀት አልጎዳህም? እናትህ ደኅና ናት፤ ላሚቱ ወልዳለች። እኔም ደኅና ነኝ። የሚጽፍልኝ ባለሱቁ በድሩ ነው። ስለ ሳልዎ ልጨምር ወይ አለኝ፤ አንተ ስኳርህን መዝን፣ የነገርኩህን ብቻ ጻፍ አልኩት።

አሁን ወደ ነገሬ። አምና ኮምፒውተርህን ይዘህ መጥተህ የዲንካችንን፣ የቀንዶቻችንን ዜማ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ እጽፈዋለሁ አልክ። አምነንህ ቀንዳችንን ይዘን ተሰበሰብን። አንተ ግን አንድ በአንድ እየጠራህ ለየብቻ አስነፋኸን። ዲንካ ለብቻ ይነፋል እንዴ? እያንዳንዳችን ያለን አንድ ድምፅ ነው፤ ዜማ የሚሆነው ስንቀባበል ነው። የኔ ድምፅ ቦታ ከቶማ በላይ፣ ከብሩ በታች ነው፤ አባቴም እዚያው ነበር። እነሱን ሳልሰማ ቦታዬን በምን ልወቅ? ብነግርህ፣ ግድ የለም አባዬ፣ ማሽኑ ያውቃል አልከኝ።

ያወቀውን አየነው። ወረቀትህ ለወጣቶቹ የኪነት ቡድን ደረሰ። መሪያቸው ፀዳለ አነበበችልን፦ የኔና የቶማ ድምፅ አንድ ነው ይላል። አንድ ከሆነ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል ብለው የኔን ቀንድ ትተው ለጊፋታ በዓል ወጡ። ዜማው እንደ ወላቃ ጥርስ ሆነ። ብሩ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ የገዛ ልጅህ ጡረታ አወጣህ አለኝ።

በበድሩ ስልክ ደውዬ ስጮህብህ፣ ማሽኑ የፒያኖ የድምፅ ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ በሁለት ደረጃ መካከል የወደቀውን ወደሚቀርበው ይወስደዋል አልከኝ። ታዲያ እኔ የምኖረው መካከል ነው! ቤቴን አፍርሰህ ቶማ ቤት አስገባኸኝ። ማን ፈቀደልህ?

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ የአገርነሽ ባል ሞቶ ለቅሶው ላይ ነፋን። ትንሽ እንደነፋን ድምፄ ወረደብኝ፤ ቶማም ከንፈሩን አላልቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከሱ በታች ያለውም ዝቅ አለ። እኔም እንደ ድሮዬ ከቶማ በላይ ሆንኩ። ቶማን ታውቀዋለህ፤ ስሳሳት ሰፈሩ እስኪሰማ የሚሰድበኝ ሰው ነው። ያን ቀን አልተሳደበም። ቀንዴን ተሸክሞልኝ እስከ ደጄ ሸኘኝ። ዳገቱ ላይ ሁለቴ ስቆም እሱም ጫማውን እንደሚያስር ሆኖ ቆመ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ስለዚህ ወረቀቱን አስተካክል። ያን ለብቻዬ የነፋሁትን ጣለው። ራስህ ና፤ ቶማና ብሩ መካከል ቁምና የኔን ቀንድ ንፋ። ደረትህ ሰፊ ነው፣ ከንፈርህም የአባቴ ነው። እዚያ ቆመህ ያገኘኸውን ድምፅ ጻፍ። ማሽንህ ለሱ ደረጃ ከሌለው ሥራለት፤ ለዚህ አይደለም ወይ ያስተማርኩህ?

ሥራ በዛብኝ፣ ፈቃድ አጣሁ እንዳትለኝ። በድሩ፣ ለገና ይምጣ ብዬ ልጻፍ ወይ ይለኛል። ገና ሩቅ ነው።

መንገዱን ያቅናልህ፤ በደረስክበት ሁሉ የሚወድህ ሰው አይጥፋ። ትንፋሽህን ያርዝመው።

አባትህ