ሐሙስ እንግዳ ይመጣል

ሰኞ፣ ግንቦት 12

አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር። ገመቹ ጠዋት ሲገባ ሰላምታውን ሁለቴ ከደጋገመ ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ሦስቴ ደገመው።

ፈረንጆቹ ሊሄዱ ነው። ከሰኔ ወዲያ ለቀርከሃ ቤታችን የሚሰጡት ነገር የለም። በሠፈራው ጊዜ መጡ፣ ረዱ፣ ፎቶ አነሱ። አሁን ደግሞ የባሰ ችግር ያለበት አገር አግኝተዋል። ችግርም እንደ በሬ ገበያ ነው መሰለኝ፣ የሚመረጠው የደለበው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቤቱም ተፈልጓል። ክልል ከሆንን ወዲህ አሶሳ ውስጥ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነገር ሁሉ ቢሮ እየሆነ ነው። የእኛ ቤት የሠፈራው የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ደህና ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። አንድ መሥሪያ ቤት ለዕቃ ማስቀመጫ ይሰጠኝ ብሏል። ሐሙስ በአራት ሰዓት ከክልሉ ሁለት ሰዎች መጥተው ያዩናል። ይጠቅማል ካሉ በክልሉ ዕቅድ ውስጥ እንገባለን። አይጠቅምም ካሉ ቁልፉን እናስረክባለን።

ገመቹ ኃላፊያችን ነው። የወለጋ ልጅ፣ መምህር የነበረ፣ ቁጣ የማያውቅ። ቁጣ የማያውቅ ሰው ያናድደኛል። ለቤተሰቦቹ እኔ እንድነግር ለመነኝ፤ ሁሉም ቤት የሚያውቀው እኔን ነው። እውነቱን ነው። እጠርጋለሁ፣ ምሳ እቀቅላለሁ፣ የጠፋውን ፈልጌ አመጣለሁ።

ቀርከሃ ቤት መጥተው ቅርጫት የሚሠሩት ዘጠኝ ናቸው። ሰው ጅሎች ይላቸዋል፤ በሩ ላይ የተጻፈው የአእምሮ ዘገምተኞች ይላል፤ እኔ በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። ከዘጠኙ አንዷ የእኔ ናት። ዓለሚቱ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ይህ ቤት ሳይከፈት፣ እርሻ ስሄድ ዓለሚቱን ከአልጋው እግር ጋር በገመድ አስራት ነበር። ይህን ጽፌው አላውቅም። ገመዱ አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

አውቃለሁ።

ማክሰኞ

እግሬ አብጧል። ስድስት ቤት ዞርኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ስለሆኑ አንድ ቤት ነው፤ ሙሉ ደግሞ ቤትም ዘመድም የለውም፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው የሚያድረው፤ እሱን እዚያው ነገርኩት።

በየቤቱ ያልኩት አንድ ነው። ሐሙስ እንግዳ ይመጣል፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ተዘጋጁ። አላስረዘምኩም። ብዙ ካወራሁ ውሃ ጠጪ ይሉኛል፣ ከተቀመጥኩ መነሣት ያቅተኛል።

መጀመሪያ አሻ ጋ ሄድኩ፣ የሀሚድ እናት። የበርታ ሰው ናት፣ የዚሁ የአሶሳ ልጅ። እኛ ከወሎ መጥተን ስንሰፍር መሬታችን ላይ ወጡብን ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሥታኝ ነበር። ያስታረቁን ሀሚድና ዓለሚቱ ናቸው፣ ሳያውቁት። አማርኛን በትልቅነቷ ስለተማረች ለሴቱም ለወንዱም አንተ ነው የምትለው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ፣ ቀድመህ ነገርከኝ፣ ጥሩ ሰው ነህ አለች።

የቀበሌያችን ጸሐፊ ሚስትም አመሰገነችኝ። ባሏ ከጎጃም ተመድቦ ነው የመጣው። ድንገት መጥተው ቢሆን ምን ይውጠን ነበር ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከውስጥ ልጇ ሰላም ስትስቅ ይሰማኛል።

ስድስቱም ቤት አመሰገነኝ። ሰው እንደዚህ አመስግኖኝ አያውቅም። ባሌ እንኳ ለአንድ ወር ወሎ ደርሼ ልምጣ ብሎ ስንቁን ስቋጥርለት አላመሰገነኝም፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመቱ ነው።

ስለ ምን እንደሚያመሰግኑኝ መጠየቅ ነበረብኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ዝናብ። ግቢው ቀይ ጭቃ ሆነ። ጠረግን፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባን፣ የተሠሩትን ቅርጫቶች በረድፍ ደረደርን። ገመቹ የዘጠኙን ስም በትልቅ ወረቀት ጽፎ ለጠፈ። ጽሕፈቱ ያምራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በሠፈራው መንደር መሠረተ ትምህርት ነው፤ አሁንም ስጽፍ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል።

ሥራው ደህና ሄዶ ነበር። ሀሚድ ቀርከሃውን ይሰነጥቃል፤ ከእሱ የሚበልጥ ሰንጣቂ በከተማው የለም፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል ግን ጫማውን አሁንም እያገላበጠ ነው የሚያጠልቀው። ስንጥሩ በርሜል ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከበርሜሉ አጠገብ የምትቆመው ዓለሚቱ ናት። በጣቶቿ ዳብሳ ታውቀዋለች። ራሷን ከወዘወዘች ገና አልራሰም፣ ቢጎብጥ ይሰበራል። ከነቀነቀች ይወጣል። እኔ ዳብሼ ልዩነቱን አግኝቼው አላውቅም፤ ገመቹም እንደዚያው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን የጠየቀው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ላከ። ሜትር ይዞ ገብቶ ሰላም ሳይል ግድግዳ መለካት ጀመረ። ዓለሚቱ የማታውቀው ሰው ካጠገቧ ሲደርስ ትጮኻለች። ጮኸች። በርሜሉን ገፋችው፣ ተገለበጠ። ሰውየው እስከ ጉልበቱ ራሰ። "ይቺ ታስራ ትቀመጥ እንጂ ቤት ይሰጣታል እንዴ?" አለ።

ገመቹ ይቅርታ ጠየቀው። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሰውየው የተናገረው የእኔን ገመድ ስለሆነ ነው።

አስቤበታለሁ። ነገ እቤት ትዋል። አንድ ቀን ነው። ሰዎቹ ፊት ከጮኸች ለዘጠኙም ትተርፋለች። ስምንቱ ይበቃሉ። የምቆልፈው ለራሷና ለቤቱ ብዬ ነው።

ሐሙስ

ሁለት ሰዓት፣ ማንም የለም። ሁለት ተኩል፣ ማንም የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ሙሉ ብቻውን እያፏጨ ገባ። የተለመደች ቦታው ላይ ተቀመጠና ሌሎቹ የት ሄዱ አለኝ።

ገመቹ ላብ አጥምቆታል። ሐሙስ ማለቴን እርግጠኛ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሐሙስ ብያለሁ፣ ጆሮ አላቸው አልኩትና እየተሳደብኩ ወጣሁ። ስድቡ ለማን እንደሆነ ገና አልለየሁም ነበር።

አሻ ማንጎው ሥር የበዓል ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ሀሚድ የታለ አልኳት። ወደ ጓሮ ቤቷ በአገጯ አመለከተች።

"ውስጥ ነው። ዘጋሁ። አትፍራ፣ አይወጣም።"

አፌ ተከፍቶ ቀረ። እሷ ደግሞ የእኔን መገረም እያየች ትገረማለች። "እንግዳ ይመጣል አልክ አይደል?" አለችኝ።

ብያለሁ። እንግዳ ይመጣል፣ ተዘጋጁ። ታዲያ ለእንግዳ የሚዘጋጅ ቤት ምን ያደርጋል? ይጠርጋል፣ ዶሮውን ያስወጣል፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ጓዳ ያስገባል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሽማግሌ፣ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ሁሉ። እኛም ወሎ እንደዚያው ነበርን። ስድስቱም ቤት የሰማው ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው ያመሰገኑኝ።

በዚህ ጊዜ መሳቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ። ምን ዓይነት እናት ናት የወለደችውን እንደ ሌባ የምትቆልፍ አልኳት። ሌላም አልኩ፣ አልጽፈውም። አሻ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ቀስ ብላ፣

"ያንተ ልጅስ?" አለችኝ። "ቀርከሃ ቤት ነው?"

መዋሸት እችል ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ስል ገባት። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

"ሂድ፣ ያንተን አምጣ። እኔም የእኔን አመጣለሁ።"

ቤቴ ድረስ የሮጥኩ መስሎኛል፤ በዚህ ጉልበት ሮጬ ከሆነ። ቁልፉን ስከፍት ዓለሚቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። አላሰርኳትም ነበር፣ ቆለፍኩባት እንጂ። ለዚህ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ይኖራል፤ እኔ ነኝ።

ስንመለስ አሻ ሀሚድን ይዛ የጸሐፊውን በር ትደበድባለች። በኋላ እንደነገረችኝ ሴትዮዋ በመጀመሪያ ልጅ የለችም አለች፤ አሻም ታዲያ የሚስቀው ማነው አለቻት። ሰላም ወጣች፣ በቤት ልብሷ፣ ፀጉሯ ሳይበጠር። ወንድማማቾቹ ያለ ችግር ወጡ። ሁለት ቤት እንቢ አለን። የቀረው አንዱ ቤት ልጁን ባምባሲ ዘመድ ጋ ልኮ ነበር፤ ከእንግዳ ለማሸሽ እስከ ባምባሲ።

ቀርከሃ ቤት ስንደርስ እንግዶቹ ቁጭ ብለዋል። አንድ ፋይል የያዘ ሰውዬ፣ አንዲት ወጣት ሴት። የግልገል በለስ ልጅ መሆኗን ኋላ ሰማሁ። ሰውዬው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያየ ለገመቹ ዘጠኝ ስምና አንድ ሰው ነው የማየው ይለዋል። ሙሉ በየመሀሉ፣ እኔ ነኝ፣ ሙሉ፣ ይላል።

ስድስት ሆንን። ጭቃችንን እንደያዝን ገባን። እንደ ፈራሁት ዓለሚቱ ጮኸች። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሀሚድ ግን ሰላምታም ሳይሰጥ ስንጥሮቹን ከበርሜሉ አወጣና እጁን ዘርግቶ ቆመ። እሷን ነው የሚጠብቃት። ጩኸቷን ትታ ሄደች፣ ዳበሰች፣ ራሷን ወዘወዘች። ሀሚድ መልሶ ነከረው። ሰውዬው እሷ ምን አውቃ ነው አለ። ወንድማማቾቹ ከመካከሉ አንዱን ሳቡና አጎበጡለት። ከመሀሉ ተሰበረ። ሀሚድ ሳቀባቸው፤ ሰላምም ሳቀች፤ ሰላም ከሳቀች ደግሞ ማቆሚያ የለውም።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ ቅድም ሁሉም የት ነበሩ?"

ገመቹ ዓይኑን ጣለብኝ። ዝናብ ነው ልል እችል ነበር፣ ግቢው ይመሰክርልኝ ነበር።

"ደብቀናቸው ነበር" አልኳት። "እኔም የእኔን ቆልፌባት ነው የመጣሁት። ይህ ቤት ቢዘጋ ምን ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠይቁን። ስትገቡ አይታችሁታል።"

ሰውዬው ዓይኑን ፋይሉ ላይ ጣለ። ሴትዮዋ ብዙ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ለማየት አንገቴን ሰግጌ ነበር፤ እጅ ጽሕፈቷ የማይነበብ ነው፣ የተማረ ሰው እንደዚህ ነው የሚጽፈው።

ሲጨርሱ የተገኘን ሁሉ እንድንፈርም ሆነ። ሰውዬው ፊቴን አይቶ የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። መልሼ ገፋሁለት። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩ። መስመሩ ወደ ታች ወረደ፣ ይውረድ።

ዓርብ

ምንም ወሬ የለም። ሁለቱ እንቢ ያሉ ቤቶች ዛሬ ልጆቻቸውን ላኩ። የጸሐፊው ሚስት ግን አልላከችም። አሻ ሄዳ ሰላምን አመጣቻት።

ገመዱን ከበሩ ኋላ አውርጄ ይዤ ሄድኩ። ሀሚድ የቀርከሃውን ነዶ አሰረበት። ጥሩ ገመድ ነው አለኝ።

ቅዳሜ

ያቺ የግልገል በለስ ልጅ ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ነገረችን። ቤቱ እስከ መስከረም አይነካም። ስማችን በዕቅዱ ረቂቅ ውስጥ ገብቷል፤ ረቂቁ ይጽደቅ አይጽደቅ እሷም አታውቅም። እስከዚያ ግን ግማሹ ቤት ለዚያ መሥሪያ ቤት ዕቃ ይሆናል።

ገመቹ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እኔ የትኛው ግማሽ አልኩ። በርሜሉ ያለበት ለእኛ እንዲቀር ተስማማን። የፈረንጆቹን ወጪ ግን ማን እንደሚተካው የነገረን የለም። የምሳው እህል እስከ ሰኔ ማለቂያ ያደርሰናል፣ ከዚያ ወዲያ አሻ ከማሽላዋ እሰጣለሁ ብላለች። የእኔ ቦቆሎም አለ፤ የደረሰ እንደሆነ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቴ ብርቄ መጣች። ከደጅ እንደ ልማዷ አሳለች። ቤቶች ከማለቷ በፊት ዓለሚቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጓዳ ገባች። እኔ ምንም አላልኳትም። እጄንም አላነሣሁም።

ለብርቄ ወንበር ሰጥቼ ልጠራት ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን ወደ አልጋው እግር ዘርግታለች። እንዳስራት ነው የምትጠብቀኝ። ገመዱ ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው፤ እሷ ዘንድ ግን አለ።

እጇን ያዝኩ። በውሃው ብዛት ጣቶቿ ተጨማደዋል። ነይ፣ ብርቄ ናት አልኳት። አንዴ አልኩ፣ አልደገምኩም፣ ተመልሼ ከእንግዳዬ ጋር ተቀመጥኩ። ብርቄ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው ተነቃነቀ። ዓለሚቱ ግማሽ ፊቷን አውጥታ እዚያው ቆመች። አልገባችም፣ አልወጣችም። ብርቄ እንደምን ዋልሽ ዓለሚቱ አለቻት፤ ስሟን ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው።

ብርቄ እስክትሄድ ድረስ እንደዚያው ቆማ ነበር። እኔም ጓዳ ግቢ አላልኳት።