ለማይሰሙ ልጆች ስለተመረጠው ደወል

ለክቡር አቶ ይታየው አበጀ
የከተማችን ሕንፃዎች የእሳት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤና እንዲገኙ እመኛለሁ። በተለይ ጆሮዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ ኮሚቴው ስለ ደወሉ ሲመክር ከሁሉ በላይ የተማመነው በእርስዎ ጆሮ ነበርና። እኔ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ እባላለሁ። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምሬ፣ አሁን ከከተማው ወጣ ባለው ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ክቡርነትዎ ግን የሚያውቁኝ የምሥራቅ አባት በሚለው ስም ነው። ለቅሶ መጥተው አጠገቤ ስለተቀመጡ እጅ እነሣለሁ።

ሕዝብ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ የጻፍሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። የልጃገረዶቹ አዲስ ማደሪያ ሊመረቅ ስለተቃረበ፣ ምስጋናዬን ሕዝቡም ቢሰማው መልካም ስለመሰለኝ ነው። በተራ አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴው ለእህል መጋዘኑም፣ ለጤና ጣቢያውም፣ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ማደሪያም አንድ ዓይነት መሣሪያ ስለመረጠ አመሰግናለሁ። ጣሪያው ላይ ጭስ ሲደርስበት የሚነቃ ነጭ ክብ ነገር፣ ከውጭ በሩ ላይ ደግሞ ቀይ ደወል። እህልንና ሰውን፣ የሚሰማንና የማይሰማን ሳያበላልጡ በእኩል ዓይን ማየት ለሁሉም ሹም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም። ወላጆች በተጠራንበት ስብሰባ የልጆቹ የምልክት ቋንቋ መምህር ተስፋሁን ተነሥቶ፣ ለእንደዚህ ያለ ማደሪያ በመብራት ብልጭታ የሚያስጠነቅቅ፣ ለተኛም ሰው ከፍራሹ ሥር ሆኖ አልጋውን የሚያንቀጠቅጥ ዓይነት እንዳለ በትሕትና አስረዳ። ክቡርነትዎም በአንድ ከተማ ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት መሣሪያ መኖሩ ለጥገና እንደማይመች መለሱለት። ከዚያ ከልጆቹ የአንዷ፣ የደጊቱ እናት ወይዘሮ ውባለም ብድግ አለች።

«ልጆቻችን አይሰሙም። እሳት መነሣቱን በምን ያውቃሉ?» አለች።

«እናቴ፣ አይስጉ» አሏት ክቡርነትዎ። «ደወሉ ኃይለኛ ነው፤ ገበያው ድረስ ይሰማል።»

ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ። የተናገሩት እውነት መሆኑን በኋላ ሁላችንም አይተናል፤ ገበያው ድረስ ተሰምቷል።

፪. ወጥ ቤቱንም ስላልረሱት አመሰግናለሁ። ወጥ ቤቱ ከማደሪያው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ያው ጭስ የሚያነቃው መሣሪያ በምግብ አብሳይዋ በአሰለፈች የእንጨት ምድጃ አናት ላይ ተለጠፈ። መምህር ተስፋሁን ለወጥ ቤት የሚሆነው ጭሱን ችላ ብሎ ኃይለኛ ሙቀትን የሚጠብቀው ነው ቢልም፣ የጥገናው ጉዳይ ስላለ አልሆነም። አሰለፈች እንጨት በማገደች ቁጥር ደወሉ ይጮኻል። መጀመሪያ ጎረቤቱን እየዞረች ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ከዚያ ተወችው። ከዚያ ሠፈሩም ለመደውና ደወሉ ሲጮኽ «ምሳ ደረሰ» ይባል ጀመር። ቢሮዎ ድረስ መጥታ ስታመለክትም ደረቅ እንጨት እንድትጠቀም ስለመከሯት፣ ውለታዎ ብዙ ነው።

፫. ሦስተኛው በግቢው በር ላይ ስላስጻፉት መመሪያ ነው። «ደወል ሲጮኽ ማንም ሰው ወደ ሕንፃው እንዳይገባ» ይላል። ጽሕፈቱ ያማረ ነው። ጥበቃው ሀብቴም መመሪያ አክባሪ ሰው ነው።

አራተኛውን ከመጻፌ በፊት የሆነውን ልንገርዎ፤ በኮሚቴው ሪፖርት ላይ ስላላገኘሁት ምናልባት አልደረሰዎት ይሆናል።

ልጄ ምሥራቅ በሕፃንነቷ በትኩሳት ታማ መስማት አቆመች። ሰው የዜማ መምህር ልጅ አለመስማቷን እንደ ትልቅ ነገር ያወራው ነበር፤ እሷ ግን በበዓል ቀን ከሴቶቹ ጋር ቆማ፣ ከመቋሚያችን አነሣሥ ማኅሌቱ የት እንደደረሰ ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ ደብተራ ሲሳሳት ከሁሉ ቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ማደሪያው ሲከፈት ከገቡት ልጆች በዕድሜ ትልቋ እሷ ስለነበረች ታናናሾቹን ፀጉር ትሠራቸው ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ልብሳቸውን አጥበው ጋደም ብለዋል። ምሥራቅ ጄሪካን ይዛ ቦኖ ውኃ ወርዳ ነበር። ከመኝታ ክፍሉ ቀጥሎ ባለው የፍራሽ ማከማቻ የመብራት ሽቦ ተቃጠለ፤ ፍራሹም ተያያዘ። መሣሪያው ጭሱን አወቀ፤ ደወሉም ጮኸ። ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሰምቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ሀብቴ በር ላይ ሆኖ «ውጡ፣ ውጡ» እያለ ይጣራል። አልወቅሰውም፤ መመሪያው ከራሱ በላይ ተጽፏል። ከቆሙት አንዱ አሰለፈች ወጥ እየሠራች ነው አለና ሰዎቹ ሳቁ። ድምፁ ስለከበዳቸው ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

ምሥራቅ በዚህ መካከል ከቦኖ ደረሰች። በኋላ ልጆቹ በመምህር ተስፋሁን በኩል እንደነገሩኝ፣ እሷ የምታውቀው ሰው ጆሮውን የሚይዘው ደወሉ ሲጮኽ መሆኑን ነው። የወጥ ቤቱን ጭስ መውጫ አየች፤ ምንም አይወጣበትም። ጄሪካኑን ጥላ በሀብቴ አጠገብ አልፋ ገባች።

ወዲያው አሰለፈች የሽሮ እህሏን በጀርባዋ አዝላ ከገበያ ደረሰች። ሰው እሷን ሲያይ ሳቁን አቆመ። ያን ጊዜ ነው ሌሎቹም መንቀሳቀስ የጀመሩት፤ ግን በሩ በጭስ ስለተሞላ ደፍራ የገባች አሰለፈች ብቻ ናት። ምሥራቅ ልጆቹን አንድ በአንድ እየቀሰቀሰች ወደ በሩ ትገፋለች፤ አሰለፈች እየተቀበለች ታወጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ የነበረችውን ደጊቱን ጎትታ ያመጣቻት ምሥራቅ ናት። የቀረችው ትንሿ ኪዳን ብቻ ነበረች። ኮርኒሱ መውረድ ጀምሯል።

አሰለፈች ለቅሶ ቤት መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

«ይበቃል ልጄ፣ ይበቃል ብዬ ጮኽሁ፤ አባቴ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።»

ኪዳን በመስኮት ተወርውራ ወጥታለች። እጇ ተሰብሮ ድኗል። ምሥራቅ አልወጣችም።

እኔ ደብር ነበርሁ። ለቄሱ በስልክ ተነገረና ቄሱ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አላለቀስሁም፤ ሰዎች ይህን እንደ ጥንካሬ ይቆጥሩልኛል። ተማሪዎቼ ዜማ ሲሳሳቱ እሰማለሁ፤ ለማረም ግን እጄ አይነሣም። እነሱም ያውቁና ራሳቸው ተመልሰው ይጀምሩታል። ምግብ ይቀርብልኛል፣ እበላለሁ። ከዚህ የበለጠ የምጽፈው የለኝም።

ስንተኛው ላይ እንደደረስሁ ጠፋኝ። አራተኛው ይሁን። ኮሚቴው ስላወጣው ሪፖርት አመሰግናለሁ። «መሣሪያው ጭሱን በወቅቱ ለይቶ ተገቢውን ድምፅ ሰጥቷል፤ የአሠራር ጉድለት አልተገኘበትም» ይላል። ደጋግሜ አነበብሁት። አንድም ሐሰት የለበትም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ግን ለቅሶ ቤት ስላጽናኑኝ ነው። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «መሪጌታ፣ አይዘኑ፤ ለአዲሱ ማደሪያ የመረጥነው ደወል ድምፁ የፊተኛው እጥፍ ነው» አሉኝ። ከልብዎ እንደተናገሩት ፊትዎ ይመሰክር ነበር። መልሴን ይኸው አሁን እሰጣለሁ።

ወይዘሮ ውባለም ወላጆቹን በየቤታቸው ዞራ አነጋግራለች። ሁላችንም ተስማምተናል። የልጆቹ መኝታ ክፍል የመብራት ብልጭታና አልጋ የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ እስኪገባለት፣ ወጥ ቤቱም ሙቀት የሚጠብቀውን ዓይነት እስኪያገኝ፣ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍም እስኪነሣ ድረስ አንዲትም ልጅ አዲሱ ማደሪያ ውስጥ አታድርም። ደጊቱና ኪዳን እዚሁ ከተማ በውባለም እኅት ቤት ናቸው፤ ሌሎቹን አሰለፈችና የከተማው ሰዎች ተካፍለው ወስደዋል። አጥሩ ሥር ቆመው ከነበሩት አንዳንዶቹ ሳይለመኑ መጥተው ልጅ ወስደዋል። ትምህርታቸው አልተቋረጠም። ለክቡርነትዎ የሚቀረው ባዶ ሕንፃና እጅግ ኃይለኛ ደወል ነው፤ ሁለቱ ይስማማሉ።

የዘወትር ጤናዎንና የሥራ ዘመንዎን ርዝመት እየተመኘሁ፣ የኮሚቴዎን ደወል ለመስማት ከታደሉት ወገን የሆንሁ፣ ትሑት አገልጋይዎ

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ
ጋይንት፣ ሚያዝያ ፳፻፮ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምረቃው ጥሪ ደርሶኛል፤ ስላስታወሱኝ ክብረት ይስጥልኝ። በመርሐ ግብሩ መጀመሪያ ላይ ለምሥራቅ መታሰቢያ ተሰብሳቢው ሁሉ ተነሥቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም እንደሚል ተጽፎ አየሁ። ይቅርብዎ፤ ሰው አያድክሙ። ልጄ በዚህ ዓለም ስትኖር ያልጎደላት ነገር ቢኖር ዝምታ ነው።