ኦርፋ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ

ሪችመንድ፣ ማርች 5 ቀን 1888
ዛሬም ሲጋራ ፋብሪካው ውስጥ ያው ሥራ። አሥር ሲጋራ፣ አንድ ካርድ፣ መዝጋት። ድሮ ካርዱ ፓኮው እንዳይጨማደድ ብቻ ነበር የሚገባው፤ አሁን የተዋናዮች ፎቶ ታትሞበት ወንዱ ሁሉ አብዷል። አጠገቤ የምትሠራው ዶርካስ አንዱን አንስታ «ይቺስ ቀሚሷን ቤት ረስታ ነው የመጣችው!» ብላ አሳቀችን። አለቃችን ተቆጣ።

ማርች 9
ኦርፋን አየኋት። እህቴን! ከፎቶው ግርጌ የማላውቀው ስም ተጽፏል... ግን ያ ግራ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ? ልጆች ሳለን በድንጋይ የፈነከትኳት እኔው ነኝ። ካርድ ይዞ መውጣት አይቻልም፣ በር ላይ ይፈትሹናል። ፓኮው ውስጥ ከትቼ ዘጋሁባት። እንዴት አስቻለኝ?

ማርች 10
አባባ ሳይሰሙ ለእማዬ ነገርኳት። ኦርፋ ከቲያትር ሰዎች ጋር ከሄደች አምስት ዓመቷ። «በዚህ ቤት ስሟ እንዳይነሳ!» አሉ አባባ ያኔ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ያሉት አይታጠፍም። እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና አለች።
«ከስታለች?»
«ኧረ አልከሳችም።»
«እሰይ! ልጄ አለች!»

ማርች 17
የዶርካስ ወንድም አጫሽ ነው፤ የገዛው ፓኮ ውስጥ ያው ካርድ ደረሰውና ሰጠን። እማዬ ትራሷ ሥር ደበቀችው። ክረምቱን ሙሉ ታማ ተኝታ የከረመች ሴት ዛሬ ተነስታ የበቆሎ ዳቦ ጋገረች። «ጻፊላት፣ ነይ በያት» ትለኛለች። የት ብዬ? ኒውዮርክ ላለው የካርዱ አታሚ ጻፍኩ።

ኤፕሪል 2
መልስ መጣ። ፎቶው የቆየ ነው፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በጅምላ ከገዟቸው አንዱ። ወይዘሪቷ ከሁለት ዓመት በፊት በሳንባ በሽታ አርፈዋል ይላል... ሁለት ዓመት! እኛ ካርድ አይተን አለች አልን። ምን ዓይነት ሞኞች ነን? ፎቶውን መቼ የተነሳችው ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ኤፕሪል 3
ለእማዬ አልነገርኳትም። ሹራብ ጀምራላታለች።

ኤፕሪል 6
ደብዳቤውን ለአባባ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።
«እናትሽ አውቃለች?»
«አላወቀችም።»
«እንግዲያው አትንገሪያት።»
ደሜ ፈላ። «እርስዎ በቁሟ ቀበሯት፤ አሁን ደግሞ ሞታ ሳለ አለች ልበል?» አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ይቆጣሉ ስል ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ።

ኤፕሪል 7
ነገርኳት። እማዬ አልጮኸችም። ሹራቡን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ብቻዋን ነበረች?» አለችኝ። አቅፌያት ተኛሁ።

ኤፕሪል 8፣ እሑድ
ጸሎት የሚሻ ይነሳ ሲባል እማዬ ጥቁሯን ለብሳ ተነሳች። «ልጄ ኦርፋ ሞታብኛለች» አለች። ሰው ሁሉ ወደ አባባ ዞረ። እኔም። እሳቸውም የፊቱን ወንበር ተደግፈው ተነሱ። «ያባረርኳት እኔ ነኝ። ለእኔ ጸልዩልኝ» አሉ።
ስንመለስ እማዬ ክንዳቸውን አልያዘችም፤ ቀድማን ሄደች። አባባ እኔን ጠበቁኝ።
«ኦርፋ የት ነው የተቀበረችው?» አሉኝ።
ስሟን ሲጠሩ በአምስት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። አላውቅም አልኳቸው።