ሲንቄና ከዘራ

ሮቤ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ከሪራ አሥራ አንድ ጀሪካን ማር፤ አንዱ አፍስሷል።

ታላቅ እህቴ ኢብቲሳም፣ ሰላምታዬ አዳማ ድረስ ይግባልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ከጎባ በላይ ባለው ደን ውስጥ ሐይቁን የሚዞር የእግር መንገድ ተከፍቷል። ደልዳላ ስለሆነ ሽማግሌም ነፍሰ ጡርም ይሄድበታል። ትናንት ለጎብኚዎች የሚሸጥ ማር ይዤ ዞርኩት። ጥበቃው ሳላሀዲን ገና ከበሩ ላይ፣ "ዙህራ፣ ፈረስ ላምጣልሽ?" አለኝ።

"ለራስህ አቆየው፤ የምታለከልከው አንተ ነህ" አልኩት።

ሦስት ጊዜ አረፍኩ፤ ሐይቁን ለማየት ነው።

እናታችን በሠርጌ ዕለት የሰጠችኝን በትር፣ ሲንቄዬን፣ ይዤ ነበር። ጎረቤታችን አዴ መኪያ ጫፉ ላይ ጭቃ አይተው፣ "ሲንቄ የሴት ክብር ነው፤ መሬት ያስነኩታል እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ አጥቤ ግድግዳው ላይ መለስኩት። "በዚህ ዕድሜሽ የሪራውን የማር ጉዞ ተዪው" ለሚሉኝ ግን መልሴ አንድ ነው፦ አልተውም።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ዱዓሽ አይለየኝ። ስለ እኔ የሚያወራልሽ ካለ አትስሚው።

ነገ አናጢው ጋ ሄጄ ጠንካራ ከዘራ አሠራለሁ። ለእንግዶች ነው፤ ልኩን ግን በእኔ ቁመት አድርገው እለዋለሁ።

እህትሽ ዙህራ