በቴስታ ብዛት ስለሚሸለሙ ልጆቻችን

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ሥላሴ
የቀይ አምባ ታዳጊዎች እግር ኳስ ክለብ ሰብሳቢ
ላሊበላ

ክቡርነትዎ፣ የላስታ ብርድ ሳይነካዎ፣ ራስ ምታት የሚባል ነገር በደጅዎ ሳያልፍ እንዲሰነብቱ እመኛለሁ። እኔ ወለተ ሐና ነኝ፤ በቡድንዎ ተከላካይ ሆኖ የሚጫወተው የምሥጋናው እናት።

በመጀመሪያ፣ ልጆቻችን በልምምድ ላይ ኳስ ስንት ጊዜ በቴስታ እንደሚመቱ ሰው መድበው ስላስቆጠሩ ሳላመሰግን አላልፍም። እኔ ሞኟ ቆጠራው ከልክ እንዳያልፉ ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ብዙ ለመታ ታኬታ ለመሸለም ኖሯል። ልጄም አሸነፈ።

ሁለተኛ፣ ስለ ታኬታው አመሰግናለሁ። ሽልማቱን ታቅፎ የመጣ ዕለት ፊቱ ገርጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ «እማ፣ አባባ ከሙጃ አልመጡም እንዴ?» አለኝ። አባባ የሚላቸው ሙጃ ይኖሩ የነበሩትን አያቱን ነው፤ ባለፈው ክረምት የቀበርናቸውን። የሚቀልድ መስሎኝ ዓይኑን አየሁት፤ አልቀለደም። ከጎረቤት ጋር ደግፈን ጤና ጣቢያ ስናደርሰው፣ ሐኪሟ አንጎሉ በምቱ ብዛት ሳይናወጥ እንዳልቀረ፣ ከኳስ መራቅ እንዳለበት፣ ወደፊት ምን እንደሚከተል ግን እሷም እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከቀናት በኋላ ትዝታው ሲመለስ፣ አዲስ መርዶ እንደሰማ ሰው ለአያቱ እንደገና አለቀሰ።

ሦስተኛ፣ ይህን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ፣ «እመቤት፣ ኳስ እኮ ነው፤ ድንጋይ አይደለም» ብለው ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ደግሰው የሚባለው አሠልጣኛቸው ግን እንደ እርስዎ የተማረ ባለመሆኑ ነገሬን ሰምቶ ደነገጠ፤ በማግሥቱም ቴስታውን በገደብ አደረገው። እርስዎም የክለቡን ሥነ ሥርዓት ለማስከበር አሰናበቱት።

ልጄን ሰው ሁሉ አሁን ደህና ነው ይለኛል። እኔ ግን በየማለዳው ስሜን እንዲጠራልኝ እጠይቀዋለሁ፤ ከመመለሱ በፊት ያለችው ዝምታ ታስፈራኛለች። ስለዚህ ቆጠራውን አይተዉት፤ ልጆቹ የሚቆሙበትን ልክ ብቻ ያብጁለት። ደግሰውንም ይመልሱልን።

ልጇን አምና የሰጠችዎ፣ ፈርታም የወሰደችብዎ፣
እጅ ነሺዎ ወለተ ሐና

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ መልአኩ ለምን በረኛ ብቻ ሆኖ እንደሚጫወት የቡድን ጓደኞቹን ብጠይቅ፣ አባቱ «ጭንቅላትህን ጠብቅ፤ ኳሱን በእጅህ ያዝ» ብለው እንደመከሩት ነገሩኝ። ምክርዎ እጅግ መልካም ነው፤ ለእኛም ልጆች ቢተርፍ።