አባባ ላንተ ያልነገረህ

የምትናፍቀኝ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል? ያ የዕቃ ጭነት ሥራ የጎዳው ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች ሲሉኝ ከዚህ ሆኜ ድዷን የዳሰስኩት መሰለኝ። እኛ ደህና ነን፤ ክብር ለእሱ ይሁንና ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። ናፍቆቱ ላይ ግን ቅናት ተቀላቅሎበታል፤ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

አባባ ማየት ጀመረ። ፋሻው ሲፈታለት መጀመሪያ ያየው የነርሷን ጫማ ነው፤ «ማሰሪያሽ ተፈቷል፣ እንዳይጥልሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቱም፣ ለፀጉር አስተካካዩም፣ አብረውት አውቶቡስ ለነዱት ሽማግሌዎችም የሚያወራው አንድ ወሬ ነው፤ «ልጄ ከባሕር ማዶ በስልክ ዓይኔን አበራልኝ!» እኔ ክንዱን ደግፌ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ወንድሜ፣ አንጀቴ እርር ይላል።

እንደምታውቀው ግራ ዓይኑ በወጣትነቱ በመኪና አደጋ ጠፍቷል። ቀኙን ሞራ ሲጋርደው ሐኪሙ፣ ቢገፈፍ ጥሩ ያያል፣ ግን ያለው አንድ ዓይን ስለሆነ ከከፋ ጨርሶ ይጨልምበታል አለን። እኔ ያን ሰሞን ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ጠዋት ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ መታጠቢያ ሲሄድ ሳየው ይገፈፍ እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዙሮ «ከሳሽ እኮ» ሲለኝ፣ ይህችንስ ጭላንጭል ቢያጣት እላለሁ። ምን ይሻላል ሲለኝ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። «አይ ሚዛኔ! አንቺ ስትወዛወዢ ገበያው ተበተነ እኮ» ብሎ ሳቀብኝ።

አንተ ደወልክ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። «አባባ፣ ይሄ ምን ያጠራጥራል? ይገፈፍ!» አልክና ወደ ኳስ ወሬያችሁ ገባችሁ። ስልኩ ሳይቀዘቅዝ አባባ ተነስቶ ጢሜን ልላጭ አለ። እኔ እንቅልፍ ያጣሁበት ጉዳይ በአንዲት ቃልህ አለቀ። አባባ ስለሰማህ ቀናሁ፤ ከዚያ በላይ የቀናሁት ግን ልብህ አንድ ስለሆነ ነው። ግድግዳ ሲዳብስ አላየኸው፤ ፊቴን ለይቶ ደስ ሲለው አላየኸው። ተራራ ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ ነው፣ ገደሉ የሚታየው ሲቀርቡት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ደግሞም ያልከው ልክ ሆነ፣ ይኸው ያያል!

አሁን ላልነግርህ የማልኩትን ስማ። ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ፣ አልጋው ላይ እንደተኛ እጄን ጭምቅ አደረገና «እውነቱን ንገሪኝ፣ ይሻላል ትያለሽ?» አለኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። «አባባ፣ እኔንጃ» አልኩት። ነርሷ በዓይኗ ገላመጠችኝ። እሱ ግን በረጅሙ ተነፈሰና «እኔም እኔንጃ። ፈርቻለሁ ልጄ። ለዚያ ጀግና እንዳትነግሪው፤ እሱ ፊት መፍራት አይመችም» አለኝ። እስኪያስገቡት ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ፈራን።

ይህችን ለብቻዬ ላስቀራት ነበር። ብርሃኑን አንተ ከወሰድክ ፍርሃቱ እንኳ ለእኔ ይቅርልኝ ብዬ። ትናንት ግን አባባ ፎቶህን አስጠግቶ ብዙ ሲያይ ቆየና «ይሄ ልጅ የጨነቀው ቀን ለማን ይናገር ይሆን?» አለኝ። ይኸው ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ወንድሜ፣ አሁንም እቀናብሃለሁ፤ አልሸሽግህም። ልብህ ለሁለት የተከፈለ ቀን ግን ለእኔ ደውል። ምክር አትጠብቅብኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

አባባ ጉንጭህን ስሞ ሰላም ይልሃል፤ ይህን ደብዳቤ ግን አላሳየሁትም። ባለቤቴ፣ የላክኸው ሹራብ ልኬ ነው ይልሃል፤ እጅጌው ጣቱን ሳይቀር ይሸፍነዋል። መንትዮቹ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ያደርቁኛል። ለባለቤትህ የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትንሿንም በእኔ ስም ግጥም አድርገህ ሳምልኝ።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ጥር 9 ቀን