ዳሌዬ ሳይቀደድ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም ካልሲዬን ያለበሰችኝ እማዬ ናት። ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ግራ እግሬን ግን እንደ ሕፃን ሰው ያለብሰኛል። ካልሲውን እየሳበች "እና በዚህ እግር ነው ዓርብ የምትሮጪው?" አለች። ራሴን ነቀነቅኩላት። "ምከራት ምከራት፣ እምቢ ካለች መከራ ይምከራት" ብላ ሱቋን ልትከፍት ወጣች።

በኋላ ራሴን እንዳልዋሽ ነገሩን እንዳለ ልጻፈው። የሐረሩ ሐኪም ባለፈው ወር የራጅ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ አሳየኝ። የግራ ዳሌዬ አጥንት ጫፉ ደም አጥቶ እየሞተ ነው። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ እቀደዳለሁ፣ አጥንቱ ወጥቶ ብረት ይገባል። "ከዚያ በኋላ መዋኘት ትችያለሽ። ብስክሌትም ቀስ ብለሽ። ሩጫን ግን እርሺው" አለኝ። እርሺው! ታክሲ ውስጥ የሚረሳ መነጽር አስመሰለው።

ሁለት ዓመት የለፋሁት ለሦስቱም ነው፤ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ በአንድ ቀን፣ በተከታታይ። ረጅሙን። ሐይቅ ዳር ወደሚደረገው ውድድር ልሄድ ሻንጣዬን ካዘጋጀሁ በኋላ ነው ዳሌዬ የከዳኝ። ጅግጅጋ ሐይቅም የላት፣ ውድድርም የላት። ስለዚህ ብቻዬን አደርገዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ማቆሙ ካልቀረ ጨርሼ ላቁም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ለብዙ ሰው ደግሞ ይሄ ምክንያት አይባልም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ፋርማሲው ውስጥ ቀኑን ሙሉ በአንድ እግሬ ቆሜ ዋልኩ። ደንበኛው ሁሉ መድኃኒቱን ከተቀበለ በኋላ "አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?" ይለኛል። ለሌላው ሰው ማስታገሻ ስሰጥ "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ከሁለት እንዳይበልጥ" እላለሁ። እኔ የምውጠውን ሆዴ ያውቀዋል።

ከሥራ ስወጣ ጓደኛዬ ሆዳን መጣች። ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ዋና ያስተማረችኝ እሷ፣ እሷን ያስተማረቻት በርበራ ባሕር ዳር ያደገች አክስቷ። የዋና ገንዳ ያለውን ሆቴል ባለቤት ለምና ያስፈቀደችም እሷ ናት። ገንዳው የወንዶች ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሲሄድ ብቻ በሩ ተዘግቶ ለእኛ ይለቀቃል። ሌላው ዓለም ይህን ነገር ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ የእኔ የሚጀምረው የቀትሩ አዛን ሲሰማ ነው። ብስክሌቱ ፀሐይ ላይ፣ ሩጫው ጨለማ ላይ ሊወድቅ ነው።

"አባዮ፣ የሚቀጥለው ሳምንትም ጁምዓ አለው" አለችኝ። አባዮ ስትለኝ፣ እህቴ ስትለኝ፣ ልትለምነኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ጁምዓማ አለ። እግር ነው የማይኖረኝ።"

ተናደደችብኝ። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ግን "ከከተማው መግቢያ ማደያ ጋ ውሃ ይዤ እጠብቅሻለሁ" አለች። ሆዳን እንዲህ ናት፣ ተቆጥታ ነው የምትረዳው።

መንገዱ ይሄ ነው። ብስክሌት በቀብሪበያህ በኩል ሜዳ ሜዳውን ሄዶ መመለስ። ሩጫ በሐረር መንገድ እስከ ካራማራ ግርጌ ሄዶ መመለስ። ዳገቱን አልነካውም። ያን ያህል አላበድኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ግቢ ውስጥ ሶምሶማ ሞከርኩ። ከውሃው በርሜል ተነስቼ በሩ ጋ ሳልደርስ ቆምኩ። አጥንት ከአጥንት ሲፋጭ የሚሰማኝ በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው።

ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ። ከሕመሙ ይልቅ የፈራሁት መሀል መንገድ ላይ ቆሜ፣ በሰው መኪና ተጭኜ መመለሱን ነው። ከዚያ ዕድሜ ልኬን "ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር" የምል ሴትዮ ልሆን። እንደዚያ የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ሠርግ ላይ አጠገባቸው መቀመጥ አይቻልም።

የያዝኩት፦ በጨው የተቆላ የባቢሌ ለውዝ፣ ቴምር፣ ውሃ፣ የግንባር ባትሪ፣ ማስታገሻ። ዓርብ ጾም ነው፣ እንቁላል የለም። እማዬ ለውዙን ስቋጥር አይታኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፣ ጠዋት

በርበሬ የመሰለ ፀሐይ ሊወጣ ነው። አንዱን ክኒን አሁን ዋጥኩ። ሁለተኛው ለብስክሌቱ። ሦስተኛውን ባልጽፈው ይሻላል። እማዬ ሱቅ ሄዳለች፣ ሳትሰናበተኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጨርሻለሁ። ተኝቼ ነው የምጽፈው፣ ግን ጨርሻለሁ።

ዋናው መልካም ነበር። ውሃ ውስጥ እግሬ መልሶ የእኔ ሆነ፣ አልከበደኝም። ሆዳን ሙሉ ልብሷን ለብሳ ጎን ለጎን ትዋኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ኹጥባው፣ የጁምዓው ስብከት፣ አጠረ። ኢማሙ ምን አስቸኮላቸው? ወንዶቹ መመለስ ሲጀምሩ ሆዳን ካፖርቷን ደርባ ሮጠችና በሩን በጀርባዋ ደግፋ "ቶሎ! ቶሎ በይ!" ትላለች። ከውጭ አንዱ ያንኳኳል። የመጨረሻዎቹን ምልልሶች የዋኘሁት በሩ ሲደበደብ እየሰማሁ ነው። አንዲትም አልጎደለችም።

ብስክሌቱ። እግሬን አንስቼ ማሻገር ስለማልችል ብስክሌቱን መሬት ላይ አስተኛለሁ፣ መሀሉ እቆማለሁ፣ ከዚያ በእግሮቼ መሀል ወደ ላይ አነሳዋለሁ። አንድ የፍየል ነጋዴ ይህን አይቶ "በስማም" በሚል ፊት አየኝ፣ ሙስሊም ባይሆን ይለው ነበር። ስሄድ ነፋሱ ከፊቴ ነው፣ ስመለስም ከፊቴ ነው። ይሄን ነፋስ የፈጠረ ያውቃል። ስመለስ ዳሌዬ ደረቀ፣ መውረድ አቃተኝ። አሸዋ ያለበት ቦታ መረጥኩና ሆነ ብዬ ወደቅኩ። ለመውረድ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ሆዳን ማደያው ጋ ሆና ስወድቅ አይታኛለች፣ አፏን በሻርፗ ሸፍና ቆመች። ብስክሌቱን ሰጥቻት ወደ ካራማራ ዞርኩ።

ሩጫ ብዬ ልጽፍ ነበር። ሩጫ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ እሮጥ ነበር፣ ከዚያ ሮጥ ቆም፣ ከዚያ ግራ እግሬን ከኋላዬ እየጎተትኩ መሄድ። ፀሐይዋ ጠለቀች። የጫት መኪኖቹ ነፋሳቸው እስኪገፋኝ ድረስ ተጠግተው ያልፋሉ። ግርጌው ጋ ደርሼ ስመለስ አለቀስኩ፣ በግልጽ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ማንም ስለሌለ።

ያኔ አንድ አይሱዙ አልፎኝ ሄዶ ቆመ። ከባቢሌ ለውዝ ጭኖ የሚመጣ ነው። ሽርጥ የታጠቁ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ከመሪው ወረዱ።

"ነይ መኪናው ላይ ውጪ ልጄ።"

"አልወጣም፣ አዴር፣ አጎቴ። ይቅርታ።"

"ማነው ያባረረሽ? ባል?"

"ባል የለኝም።"

"ፖሊስ?"

"ማንም አላባረረኝም። ስፖርት ነው።"

"ስፖርት!" ሳቁ። ከዚያ የመኪናው መብራት ላይ እግሬን አዩትና ሳቃቸውን ተዉ። "ስሚኝ። እዚህ ጥዬሽ ብሄድ፣ መኪና ቢገጭሽ፣ 'አይቷት አለፈ' ይሉኛል። የምጠየቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጎሳዬ ነው። ሰው መንገድ ላይ አይጣልም" ብለው ክንዴን ያዙ።

እዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌያለሁ፣ ሽማግሌ ክንድ ከያዘ እንደማይለቅ አውቃለሁ። ደግነታቸው ነው ሊያስቆመኝ የነበረው። የሐረሩን ሐኪም አሸንፌ፣ እማዬን አሸንፌ፣ በአንድ ደግ ሰውዬ ልሸነፍ! ማስረዳት አቃተኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ስለት አለብኝ።"

እጃቸው ላላ። "እንደ ቁልቢዎቹ?"

"እንደ ቁልቢዎቹ።"

ለካ ስንት ታኅሣሥ ተሳላሚ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄደውን፣ በጉልበቱ የሚድኸውን አይተዋል። "ስለትማ በመኪና አይሄድም" አሉ። ተመልሰው መሪያቸው ላይ ወጡ፣ ሁለቱን ፍሬቻ አበሩ፣ በእኔ እርምጃ ልክ ከኋላዬ መንዳት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የጫት መኪና አልተጠጋኝም። ሌላ መኪና ሊቆምልኝ ሲል ሽማግሌው አንገታቸውን አውጥተው በሶማልኛ አንድ ነገር ይጮኻሉ፣ ያኛው ዝም ብሎ ያልፋል። አንዲት ሴት ከሚኒባስ መስኮት "አላህ ይቀበልሽ" አለችኝ። አፈርኩ። ለሰው ሁሉ ዋሽቼ፣ ሰው ሁሉ እየጸለየልኝ። መቆም ግን አልቻልኩም፣ ከኋላዬ ያ ሁሉ ለውዝ እየጠበቀ እንዴት ይቆማል?

ማደያው ጋ ደረስኩ። ሆዳን ያዘችኝ፣ ተንበረከክን። ምንም ደስታ አልነበረም። አለቀ የሚል ባዶ ነገር ብቻ።

ሽማግሌው እቤት ካላደረስኩሽ ብለው ያኔ መኪና ላይ አወጡኝ። እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። "እህቴ፣ አትቆጪያት። ልጅሽ ስለቷን ፈጽማ ነው የመጣችው" አሏት። እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። እግሬን አይታ ደንግጣ ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

መቆም አልቻልኩም። ሽንት ቤት ሆዳን ተሸክማ ወሰደችኝ፣ ክራንችም ይዛልኝ መጥታለች። "ደስ አለሽ?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። ሰው እንደዚህ ያለ ነገር ሲጨርስ ልቡ የሚሞላ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ልብ ዝም ብሏል፣ ዳሌዬ ብቻ ነው የሚናገረው። ነገ ፊልም እነሳለሁ።

እማዬ ምግብ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። አንድ ቃል አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የፊልሙን ፎቶ ትናንት ለሐረሩ ሐኪም ላክሁለት። ዛሬ ደወለ። የአጥንቱ ጫፍ ተጨፍልቋል። "በዚህ ላይ ምን ሠራሽበት?" አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ታኅሣሥን መጠበቅ እንደማይቻል፣ ቀዶ ጥገናውም አሁን ከታሰበው እንደሚከብድ፣ እግሬ ትንሽ ሊያጥር እንደሚችል ነገረኝ። አልሰደበኝም። ሐሙስ በአውሮፕላን እንሄዳለን፣ እማዬም አብራኝ።

ከሰዓት በኋላ ልብሴን ስታጣጥፍ ቆየችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ስለቱ ለማን ነበር?" አለችኝ።

"ውሸቴን ነው እማዬ። ሰውዬው እንዲለቁኝ ብዬ ነው። ምንም ስለት አልነበረብኝም።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የያዘችውን ሹራብ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው።

"እኔ ነበረብኝ" አለች።

ሐምሌ ላይ ቁልቢ ሄዳ ነበር። ለጤናዋ የሄደች መስሎኝ ነበር። ገብርኤል ፊት ቆማ "ይህችን ልጅ ሩጫ ካስቆምክልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። በየማለዳው ስወጣ፣ የጫት መኪና የበላኝ እየመሰላት፣ እስክመለስ ድረስ ሱቋ ውስጥ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ። በወሩ ዳሌዬ ታመመ።

"እንዲህ አድርጎ ማለቴ አልነበረም" አለች። "ደክሟት ትተወዋለች ብዬ ነው። ታገባና ትተወዋለች ብዬ ነው። እኔ አጥንቷን ስበር አላልኩትም።" ፊቷን በሹራቤ ሸፈነች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በጣም። ክራንቹን ወርውሬ ግድግዳውን መምታት አማረኝ። ዳሌ በስለት አይሞትም፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ አውቃለሁ። ይህንንም ነገርኳት፣ ደም ስለማጣት፣ ስለ አጥንት ጫፍ፣ ሁሉንም። ሰማችኝ፣ ግን አላመነችኝም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ለካ እኔ አንድ ዓርብ የተሸከምኩትን ስለት እሷ ከሐምሌ ጀምሮ ለብቻዋ ተሸክማዋለች። ጎትቼ አጠገቤ አስተኛኋት። እማዬን አቅፌ የተኛሁት ከስንት ዓመት በፊት ነው?

በኋላ ተነስታ አፍንጫዋን ጠረገች። በሕይወቷ ሐሳቤን ጠይቃኝ የማታውቅ ሴት፣ "ጃንጥላውን ገዝቼዋለሁ። ላስገባ ወይስ ልተው?" አለችኝ።

ብዙ አሰብኩ።

"አስገቢ" አልኳት። "ግን ስታስገቢ፣ ጨርሳ ነው ያቆመችው በይው።"

"እለዋለሁ" አለች።

ሐሙስ ጠዋት ነው በረራው። ፈርቻለሁ።